3.0 የምትባለው ቁጥር ግሬዱን አረከሰችው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ጠዋት ከቡና ጋር የማነብ ሰው ነኝ፣ ደብዳቤ ግን ጽፌ አላውቅም፣ ስለዚ ከተንዛዛሁ ቆርጣችሁ አውጡት።

ስለ ትምህርት ጥራት ሲወራ ሁሌ የሚነሳው 12ኛ ክፍል ነው። ያስደነግጣል እውነት ነው፣ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተነው ውስጥ 50 እና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር፣ በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4። ከሱ ቀጥሎ የዲግሪው መውጫ ፈተና ይነሳል፣ ስንቱ አለፈ ስንቱ ወደቀ ይባላል። ማስተርሱ ጋ ሲደረስ ግን ሁሉም ዝም ነው። "ማስተርስ አለው" ከተባለ በቃ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል፣ ምን ተምሮ በምን ተፈትኖ የሚል የለም። እኔ ደግሞ ማውራት የፈለግኩት እሱን ነው፣ በተለይ የኢንጂነሪንጉን፣ ምክንያቱም በሁለቱም በኩል አይቼዋለሁ። በማታው ፕሮግራም በስትራክቸር (የህንጻ አካል ዲዛይን) ማስተርሴን ጨርሻለሁ፣ ከዛ በፓርት ታይም ሁለት ኮርስ አስተምሬያለሁ፣ ቀን ቀን ደግሞ ከአንድ አማካሪ ድርጅት ቁጭ ብዬ ሌላ ሰው የሰራውን ዲዛይን አያለሁ። ስለዚ የምናገረው ስለ ሌላ ሰው ጥፋት ብቻ አይደለም፣ የራሴም አለበት፣ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ህጉን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ግሬድ የሚሰጡት በተቆረጠ ስኬል ነው፣ 90 እና በላይ ኤ ፕላስ፣ 85 ኤ፣ 80 ኤ ማይነስ፣ 75 ቢ ፕላስ፣ 70 ቢ፣ 65 ቢ ማይነስ፣ 60 ሲ ፕላስ፣ 50 ሲ እያለ ይወርዳል። ፊደሎቹ ወደ ቁጥር ሲቀየሩ ቢ 3.0፣ ሲ ፕላስ 2.5፣ ሲ 2.0 ናቸው። የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ሲ ያለው ልጅ ተመርቆ ይወጣል፣ አማካዩ 2.0 ከሆነ ይበቃዋል። ማስተርስ ላይ ግን አማካዩ 3.0 ካልሞላ አትመረቅም፣ ሲ ደግሞ ቢበዛ አንድ ትፈቀድልሃለች፣ ከዛ ካለፈ ችግር ነው (ጥቃቅኑ ከቦታ ቦታ ይለያይ ይሆናል፣ መሰረቱ ግን ይሄው ነው)። ህጉ የኛ ፈጠራም አይደለም፣ አሜሪካም ማስተርስ ላይ 3.0 የተለመደ ነው። ወረቀት ላይ ሲያዩት ጠንከር ያለ ህግ ይመስላል። ማስተርስ ነውና ጠንከር ይበል፣ ማን ይጠላል።

ችግሩ ግን በተግባር ምን ይሆናል መሰላችሁ፣ ከ70 በታች ያለው ነገር ሁሉ ገደል ሆነ። 69 ያመጣ እና 51 ያመጣ ሰው ሁለቱም ወደ ዩኒቨርሲቲው በር እየተገፉ ነው። አስተማሪው ደግሞ ሰው ነው። ከፊቱ ያለው ተማሪ የ22 ዓመት ልጅ አይደለም፣ ስራ ያለው፣ ቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ልጅ ከትምህርት ቤት አምጥቶ ሮጦ የመጣ፣ ክሬዲት አወር ቆጥሮ ከኪሱ የከፈለ ሰው ነው። እሱን በሲ ማባረር ይከብዳል። ስለዚ ቢ ይሰጣል። ቢ "ጥሩ" ማለት መሆኑ ቀረና "አለፈ" ማለት ሆነ፣ ኤ ማይነስ ደግሞ "ክላስ ይመጣ ነበር" ማለት፣ ኤ ማለት "ይሰራል"፣ በእውነት የሚችለውን ልጅ ለመለየት የቀረ ፊደል የለም።

የራሴን ልናገር።

ያስተማርኩት ኮርስ የማትሪክስ ስትራክቸራል አናሊሲስ ነው፣ ፋይናል ላይ አንድ ቀላል ፖርታል ፍሬም ሰጠሁ፣ ሁለት ኮለን (ምሰሶ) አንድ ቢም (አግዳሚ)፣ እግሩ ሁለቱም ጋ ፊክስድ፣ ማለትም ከመሬት ጋር የታሰረ። አራት ኖድ (መገጣጠሚያ ነጥብ) ነው፣ እያንዳንዱ ሶስት እንቅስቃሴ፣ ጠቅላላ 12 በ12 ማትሪክስ (የቁጥር ሰንጠረዥ) ይወጣል፣ ፊክስድ የሆኑትን ስታወጣ 6 በ6 ይቀርልሃል፣ እሱን መፍታት ነው። አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ መንገድ ስራ ላይ ብዙ ዓመት የቆየ፣ በጣም ጨዋ ሰው፣ ክላስ ላይ እኔ "ጋሼ" ነው የምለው እሱ ደግሞ "መምህር" ይለኛል። 12 በ12ቱን በሚያምር የእጅ ጽሁፍ ሁለት ገጽ ሙሉ ሞልቶታል፣ አንድም ቁጥር አልሳተም። የታሰሩትን እግሮች ግን አላወጣቸውም። እንዳለ ወስዶ "ኢንቨርስ በካልኩሌተር" ብሎ ጽፎ መልስ አስቀምጧል። ያ ማትሪክስ'ኮ ኢንቨርስ የለውም። እግሩን ካላሰርከው ፍሬሙ አየር ላይ ተንሳፍፎ ነው ያለው፣ በጣትህ ብትነካው ይሄዳል፣ ሂሳቡም የሚልህ ይሄንኑ ነው። ያስቀመጠው መልስ ከየት እንደመጣ እስካሁን አልገባኝም፣ ከአጠገቡ ከተቀመጠው ይሆናል፣ ብቻ መልሱ ትክክል ነበር።

አርሜ አርሜ ሁሉንም ስደምርለት 62 መጣ። ሲ ፕላስ። ሌሎቹን ሰባት ኮርሶች ቢ በቢ ይዟቸው ነበር፣ ሁሉም ባለ ሶስት ክሬዲት፣ የኔዋ ስትገባ አማካዩ 2.94 ሆነች። በዛች በስድስት መቶኛ ሰውየው አይመረቅም።

ረቡዕ ማታ በር ላይ ጠበቀኝ። አልለመነኝም፣ ለምኖኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። "መምህር፣ መስሪያ ቤቱ ነው የሚከፍልልኝ፣ ካልጨረስኩ ከደሞዜ ይቆርጡታል፣ የአንተን ጥፋት ለማለት አይደለም፣ እንድታውቀው ብዬ ነው" አለኝ፣ ከዛ ዣንጥላውን ይዞ ወረደ። ዲፓርትመንቱም ደወለ፣ እንዲህ አድርግ አላሉኝም፣ "እስኪ አንዴ መለስ ብለህ እየው" ነው ያሉት። መለስ ብዬ ማየት ማለት ምን ማለት እንደሆነ እዛ ግቢ ያስተማረ ሁሉ ያውቃታል።

አየኋት። 8 ማርክ ከየት ይምጣ? ለሱ ብቻ ብጨምር አድልዎ ነው፣ ሌሎቹ ምን አጠፉ። ስለዚ ለክላሱ በሙሉ 8 ጨመርኩ። እሱ 70 ሆነ፣ ቢ፣ ተመረቀ፣ የምረቃው ቀን ከነቤተሰቡ ፎቶ ላከልኝ። ግን እላይ ምን እንደሆነ እዩልኝ። 91 ያላት አንዲት ልጅ ነበረች፣ ጥያቄውን ከኔ በተሻለ መንገድ የፈታች፣ 99 ሆነች፣ ኤ ፕላስ። 83 የነበረው ልጅ ደግሞ 91 ሆነ፣ እሱም ኤ ፕላስ። ትራንስክሪፕት ላይ ማርክ አይጻፍም፣ ፊደል ነው የሚጻፈው፣ ስለዚ ሁለቱ ለዘላለም እኩል ናቸው። አንዱን ሰው ከገደል ለማዳን ብዬ እሷን ቀጣሁ፣ እሷ ደግሞ እንደተቀጣች አታውቅም።

ህጉ ልል ሆኖ አይደለም እንግዲህ፣ ህጉ ጠንካራ ሆኖ ነው ግሬዱን ያላላው። ቅጣቱ "ኮርሱን ድገም" ቢሆን እኔ ያለ ምንም ይሉኝታ 62ቷን እጽፍ ነበር። ቅጣቱ የሰውየው ሙሉ ሁለት ሶስት ዓመት ስለሆነ ግን እጄ ፈራ። አንዳንዴ ሳስበው በሀገራችን ጥብቅ ህግ ሁሉ መጨረሻው እንዲህ ነው፣ የማይፈጸም አድርገን እናወጣዋለን፣ ከዛ ሁሉም በየጓዳው በጎን ያልፈዋል።

እርግጥ 3.0 ብቻዋን አይደለችም። ከጀርባዋ ሌላም አለ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ 70/30 ሲመጣ፣ ማለትም ከመቶው ተማሪ ሰባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ሲባል፣ ኢንጂነሪንጉ በአንዴ ነው የሰፋው፣ በየክልሉ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፣ አስተማሪ ግን እንደ ህንጻ በሁለት ዓመት አይቆምም። ትላንት የተመረቀው ዛሬ አስተማሪ ሆነ፣ እሱን ወደ ማስተርስ መላክ ግድ ሆነ፣ የላኩት ሰው ወድቆ ቢመጣ ክፍት ቦታው ባዶ ነው የሚቀረው። እና ማን ይጥለዋል? የማታውና የቅዳሜው ፕሮግራም ደግሞ ገቢ ነው፣ ለአስተማሪውም ከደሞዙ ላይ የምትጨመር ነገር ናት፣ የደሞዙን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ይሄን የምለው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፣ ግን ከፋዩ ተማሪ፣ ተከፋዩ አስተማሪ፣ ፈተና አውጪውም አራሚውም እሱው በሆነበት፣ ወረቀቱን ሁለተኛ ሰው ሳያየው ግሬድ የሚገባበት ነገር ላይ ምን እንጠብቃለን።

ፈተናውም ያው ነው። ያለፈው ዓመት፣ ያለፈው አምስት ዓመት ወረቀት በቴሌግራም ይዞራል፣ ተማሪው ኮርሱን ሳይሆን አስተማሪውን ያጠናል፣ "እሱ ይቺን ጥያቄ ይወዳታል" ይባላል። እኔም ተማሪ እያለሁ እንዲህ ነው ያለፍኩት፣ አልዋሽም።

ይበልጥ የሚገርመኝ ቴሲሱ፣ የመመረቂያ ጥናቱ ነው። ማስተርስ ማለት በዋናነት እሱ አይደል? ተማሪው ብቻውን አንድ ችግር ይዞ የሚታገልበት። ግን በብዙ ቦታ ቴሲስ አማካዩ ውስጥ አይደመርም፣ ለብቻው ኤክሰለንት፣ ቬሪ ጉድ፣ ጉድ፣ ሳቲስፋክተሪ ተብሎ ነው የሚጻፈው። አንድ ዲፌንስ ላይ ተቀምጬ ነበር፣ ልጁ በመሬት መንቀጥቀጥ ላይ ነው የሰራው፣ ስላይዱ ያምራል፣ ቀለም በቀለም፣ ህንጻው ሲወዛወዝ አኒሜሽኑ ሁሉ አለ። ኤክስተርናሉ፣ ከውጭ የተጠሩት ፈታኝ፣ አንዲት ጥያቄ ጠየቁት፣ "ይቺን የመሬት አክሰለሬሽን ከየት አመጣሃት?" ልጁ ዞር ብሎ ስክሪኑን አየና "ሶፍትዌሩ ላይ ያለች ናት" አለ። ሰውየው መነጽራቸውን አወለቁ። ክፍሉ ጸጥ። ከዛ አድቫይዘሩ "ጊዜ እየሄደ ነው" አሉ፣ ውሃ ተቀዳ፣ ወጥተን ተመካከርን፣ ቬሪ ጉድ ተሰጠው፣ "ማይነር ኮሬክሽን" ተባለ፣ ኬክ ተቆረሰ። የልጁ እናት ከገጠር መጥተው ነበር ነጭ በነጭ ለብሰው፣ እሳቸው ፊት ማን ደፍሮ ምን ይላል። ቴሲስ የሚሸጥበት ማስታወቂያ እንኳ ግቢ አካባቢ በየፖሉ ተለጥፎ እያየን ነው የምናልፈው፣ ስልክ ቁጥሩ ከነምናምኑ።

ያቺ የአክሰለሬሽን ጥያቄ፣ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ህንጻውን ምን ያህል በኃይል ይገፋዋል የምትለው፣ ቀላል እንዳትመስላችሁ። በድሮው የህንጻ ዲዛይን ኮዳችን፣ በ1995ቱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ የመንቀጥቀጡ ካርታ የተሰራው በ100 ዓመት አንዴ ሊመጣ በሚችለው ልክ ነበር። በፈረንጆቹ 2015 የወጣው አዲሱ ኮድ ደግሞ ወደ 475 ዓመት አሳደገው፣ ማለትም ህንጻው እንዲችል የምንጠይቀው ጉልበት በብዙ ቦታ ጨምሯል። ቁጥሯን ከየት እንዳመጣት የማያውቅ ሰው በየትኛው ኮድ እየሰራ እንደሆነም አያውቅም ማለት ነው። በታህሳስ 2017 በአዋሽ ፈንታሌ በኩል ተደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባም ፎቅ ላይ የነበርን ሰዎች ተሰምቶናል፣ ባለቤቴ ሌሊት ልጆቹን ይዛ ደረጃ ስትወርድ እኔ የማስበው የቤታችንን ኮለን ማን ዲዛይን እንዳደረገው ነበር። እሷም "ምን ትቆማለህ!" ብላ ጮኸችብኝ።

ቢሮአችን የመጣ ልጅ ደግሞ አለ። ማስተርስ በ3.9። ትሁት፣ ታታሪ፣ ምንም አይወጣለትም። ጂ ፕላስ ሰባት ህንጻ ኢታብስ በሚባለው የዲዛይን ሶፍትዌር ላይ ሰርቶ አመጣልኝ፣ ኮለኖቹ ቀጫጭን ሆኑብኝ። አንድ ነገር ጠየቅኩት፣ "ይሄ ህንጻ ጠቅላላ ስንት ይከብዳል በእጅ ገምትልኝ።" ደነገጠ። አብረን ሰራነው፣ ወለሉ ወደ 300 ካሬ ነው፣ ስምንት ስላብ፣ በካሬ ወደ 12 ኪሎኒውተን ብንይዝ ወደ 28,800 ይመጣል። ሞዴሉ መሰረት ላይ ያሳየው ግን 15,000 ገደማ። "ግማሹ ህንጻ የት ሄደ?" አልኩት። ፈልገን ፈልገን አገኘነው፣ የራሱ ክብደት የምትቆጠርባት ቦታ ላይ ዜሮ ተጽፏል፣ ሶፍትዌሩ ኮንክሪቱን አየር አድርጎት ነው የሰራው። ይሄ ስህተት ማንም ላይ ይደርሳል፣ እኔም ላይ ደርሷል። ያሳዘነኝ ስህተቱ አይደለም፣ 3.9 ይዞ "ይሄ ቁጥር ያንሳል" የሚል ደወል ውስጡ አለመኖሩ ነው፣ ያንን ደግሞ ስምንት ኮርስ ተምሮ አንድም ሰው አልጠየቀውም። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፣ አሁን በጣም ጎበዝ ወጥቶታል።

እና ይሄ ሁሉ ቸርነት ለተማሪው ጠቅሞት ቢሆን ደግ ነበር። አልጠቀመውም። የኛ ሀገር ተማሪ ጀርመን ሲያመለክት እዛ ያሉት ግሬዱን በአንድ ቀመር ይቀይሩታል፣ የስኬሉን ጣሪያና ዝቅተኛውን ማለፊያ ይጠይቁሃል፣ ከዛ ያንተ ቁጥር በሁለቱ መሀል የት ላይ እንዳለች ያሰላሉ። እነሱ ጋ 1 ምርጥ ነው 4 የመጨረሻ ማለፊያ። 3.5 ያለው ልጅ ማለፊያው 2.0 ነው ብሎ ቢሞላ 1.75 ይወጣለታል፣ ቆንጆ ነው። ማለፊያው 3.0 ከተባለ ግን ያቺው 3.5 ወደ 2.5 ትወርዳለች፣ መሀል ላይ ያለ ተራ ተማሪ ሆነ ማለት ነው። አንድ ጓደኛዬ ይሄን ሲያሰላ አጠገቡ ነበርኩ፣ ሁለቴ ሶስቴ ደገመው፣ ካልኩሌተሩ የተበላሸ መስሎት።

ምን ይደረግ ትሉኝ ይሆናል። መጀመሪያ ሲ ትመለስልን። ማስተርስ ላይም 50ም 60ም ያመጣ ሰው ያመጣውን ይጻፍለት፣ ያቺን ኮርስ በሚቀጥለው ዙር ይድገማት፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ እንደደገመ ይታይ፣ ግን ስለሷ ብሎ አይባረር። ያን ጊዜ አስተማሪው እውነቱን ለመጻፍ ወኔ ያገኛል። ይሄ ስታንዳርድ ማውረድ ነው የሚለኝ ሰው አይጠፋም፣ ለሱ የምለው አሁን ያለው ስታንዳርድ'ኮ የወረደው ማንም ሳያወርደው ነው፣ 3.0 ተሰቅላ እንዳለች፣ ሁሉም ሰው ተንጠራርቶ እንዲነካት ወለሉን በድንጋይ እየሞላን። ሌላው ከፊደሉ ጎን የክላሱ አማካይ ይጻፍ፣ ኤ ካለና የክላሱ አማካይም ኤ ከሆነ አንባቢው ራሱ ይፍረድ፣ ይሄ ኮምፒውተር ላይ የአንድ ቀን ስራ ነው፣ ሬጅስትራር ካልፈለገ በቀር ምንም አይከለክለውም። ፈተናውን ደግሞ ቢያንስ ፋይናሉን፣ ስሙ ተሸፍኖ፣ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ያለ ሰው ይረመው። ቴሲስ ላይ ኤክስተርናል እንጠራ የለ እንዴ፣ ለዛ ትራንስፖርትና አበል ከተገኘ ለፈተና ወረቀት ለምን አይገኝም፣ ወረቀቱ እንደሰው ሆቴል አያድር።

ቴሲሱ ራሱ ክሬዲት ይኑረውና ይደመር። ዲፌንሱ ላይ ቤተሰብ ይምጣ፣ ደስ ይላል፣ ግን ቤተሰብ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰዓት ተማሪው ከፈታኞቹ ጋር ብቻውን፣ ላፕቶፕ ሳይኖር፣ በነጭ ሰሌዳና በማርከር ይቀመጥ። የሰራውን የሰራ ሰው ያን ሰዓት አይፈራውም። ያልሰራው ደግሞ እዛው ይለያል፣ ኬኩ ሳይገዛ።

ለኔ ደግሞ በሚመጣው ሰሚስተር ያንኑ ኮርስ እንዳስተምር ተጠይቄያለሁ። እሺ ብያለሁ። ኮርስ አውትላይኑን አሳይመንት 10፣ የቃል ፈተና 30፣ ፋይናል 60 አድርጌ ላክሁ፣ ከስር ደግሞ "በዚህ ኮርስ ማርክ ለክላሱ በሙሉ አይጨመርም" የምትል አንዲት መስመር ጨመርኩበት። ከላክሁት ሶስት ሳምንት ሆነው፣ ዲፓርትመንቱ እስካሁን መልስ አልሰጠኝም፣ ትላንት ስደውል "እያየነው ነው፣ ያቺን የመጨረሻዋን መስመር ግን ለምን አታወጣትም?" አሉኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የስትራክቸር መሐንዲስ
አዲስ አበባ